የድምፅ ኮምፕሬሰር እንዴት እንደ ሠራንና ስሕተቱን እንዴት እንዳገኘነው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት፣ የኤሌክትሪክ ክበብ አባል በሆነ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ የኤሌክትሪክ ክበባችንን ወክዬ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ እጅግ ደስ ብሎኛል። የምናገረውም በጠረጴዛው ላይ ስለምታዩአት ስለዚች ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን ነው። ሣጥኗ ቀድሞ የብስኩት ማስቀመጫ ነበረች፤ አሁን ግን በውስጧ ኮምፕሬሰር አለ።

ኮምፕሬሰር ስል ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ በመርሳ ዋና መንገድ ዳር ጎሚስታዎች የመኪና ጎማ የሚነፉበትን ሞተር እንደምታስቡ ዐውቃለሁ። አጎቴም እንደዚሁ አስቦ ነበር። «ኮምፕሬሰር ልሠራ ነው» ብዬ ብነግረው፣ «ምነው ልጄ፣ ትምህርቱን ትተህ ጎሚስታ ልትሆን ነወይ?» ብሎ ደነገጠ። አጎቴ ብዙም አልተሳሳተም። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር አየርን ያምቃል፤ የእኛው ግን ድምፅን ያምቃል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ድምፅን ማመቅ ለምን ያስፈልጋል? ይህን ለማስረዳት በየማለዳው በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ጊዜ የምናየውን ላስታውሳችሁ። አንዱ ተማሪ ማይክሮፎኑን ከአፉ ጋራ አጣብቆ ይናገራል፤ ስፒከሩ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁም ይሰነጠቃል። ከእርሱ ቀጥሎ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ይመጣል። እርሱ ደግሞ ስለሚፈራ ስንዝር ያህል ርቆ ይቆማል፤ ቃሉም ከፊተኛው ረድፍ አያልፍም።

ለዚህ ነገር ልክ አለው። የድምፅ መሐንዲሶች የድምፅን ከፍና ዝቅ የሚሰፍሩበት መስፈሪያ ዴሲቤል ይባላል። ከማይክሮፎኑ የሚወጣው ቮልቴጅ እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ጨመረ ይባላል፤ 10 እጥፍ ሲሆን ደግሞ 20 ዴሲቤል ጨመረ ይባላል። ተናጋሪው ከማይክሮፎኑ ያለውን ርቀት በእጥፍ ባራቀ ቍጥር 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ በ5 ሳንቲ ሜትር ላይ የነበረ አፍ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ ድምፁ 12 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ይኸውም ቮልቴጁ ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው። ልጁ ድምፁ ሳያንስ፣ በመፍራቱ ብቻ ሩብ ድምፅ ሆኖ ይቀራል።

ቀድሞ ለዚህ የነበረን መድኃኒት አንድ ተማሪ ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ አስቀምጦ ጮክ ሲል ቍልፉን እንዲቀንስ፣ ዝግ ሲል እንዲጨምር ማድረግ ነበር። እኔ ራሴ ይህን ሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ነገር ግን የሰው እጅ ሁልጊዜ ከድምፁ በኋላ ነው የሚደርሰው። ጩኸቱ ጆሮ ከመታ በኋላ ቍልፉን ብትቀንሰው ምን ይጠቅማል?

ኮምፕሬሰር ይህን የቍልፍ አዟሪ ሥራ በራሱ የሚሠራ መሣሪያ ነው። እኛ ወሰን እናበጅለታለን፤ ይህንን ወሰን በክበባችን «ደፍ» ብለን ሰይመነዋል። ከደፉ በታች ያለ ድምፅ ሳይነካ ያልፋል። ደፉን የተሻገረው ግን በተወሰነ ምጣኔ ይቀነሳል። ምጣኔው 4 ለ 1 ቢሆን፣ ደፉን በ12 ዴሲቤል የተሻገረ ድምፅ ሲወጣ በ3 ዴሲቤል ብቻ በልጦ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንድነት ከፍ ይደረጋል፤ ስለዚህ የፈሪው ልጅ ቃል እስከ ኋላው ረድፍ ሲደርስ የደፋሩ ልጅ ጩኸት ጆሮ አይጎዳም።

ገበሬ ለሆናችሁ ወላጆቻችን ነገሩን በውኃ ልመስለው። በሀብሩ ወረዳ መስኖ ያለበት ሰው ሁሉ የውኃ አባት ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ውኃው በቦዩ ይሄዳል፤ የውኃ አባቱ ደግሞ ዳር ቆሞ ልኩን እያየ መክፈቻውን ያጠባል ወይም ያሰፋል። በመሣሪያችንም ውስጥ እንደዚሁ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ድምፁ የሚሄድበት ዋናው ቦይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከዋናው ትንሽ ቀንሶ እያየ መክፈቻውን የሚያዝዘው ነው፤ ይህንንም «የጎን መስመር» እንለዋለን። በጎን መስመር የሚሄደው ድምፅ ወደ ስፒከሩ አይደርስም፤ ማንም ጆሮ አይሰማውም። ሥራው ማዘዝ ብቻ ነው። ይህን ነገር እባካችሁ ያዙልኝ፤ የንግግሬ ፍሬ ኋላ የሚመጣው ከዚሁ ነውና።

ይህ ዐይነት መሣሪያ በእኛ የተጀመረ አይደለም። በዓለም ያሉ የሬዲዮ ጣቢያዎች ከስቱዲዮው ወጥቶ ወደ ማሰራጫው የሚሄደውን ድምፅ በልክ ለመያዝ ብዙ ዘመን ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ጂም ሎረንስ የተባለ መሐንዲስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ፣ ኤል.ኤ. 2-ኤ የተባለውን ኮምፕሬሰር አወጣ። የእርሱ ብልሃት በብርሃን መጠቀሙ ነው። ድምፁ ከፍ ሲል አንድ ትንሽ ብርሃን ይበራል፤ ብርሃኑ ሲያርፍበት ተቃውሞው የሚቀንስ ፎቶሬዚስተር የሚባል ነገር ደግሞ ድምፁን ይቀንሰዋል። መሣሪያው እስከ ዛሬ በታላላቅ ስቱዲዮዎች ይፈለጋል። እኛም ከሚታወቁት መንገዶች መካከል ይህን መርጠናል፤ ምክንያቱም ዕቃው ጥቂት ነው፤ አሠራሩም በ12ኛ ክፍል ፊዚክስ ሊገባ ይችላል።

ዕቃውን ያገኘነው እንዲህ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሰሜን ወሎ በደረሰ ጊዜ በዞናችን ብዙ ትምህርት ቤቶች የቤተ ሙከራ ዕቃቸውን እንዳጡ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ የጎደለውን ሁሉ ገዝቶ መተካት እንደማይቻል ዐውቀን ከተጣለው ጀመርን። ከተበላሸ አምፕሊፋየርና ከአሮጌ ቴፕ ሬዚስተሮችንና ካፓሲተሮችን ፈታን። ፎቶሬዚስተሩን ሲመሽ በራሱ ከሚበራ የተሰበረ መብራት አገኘነው። ቲ.ኤል. 072 የሚባሉትን ሁለት ትንንሽ የማጉያ ቺፖች ግን ወደ አዲስ አበባ የሄደ ወንድም ከመርካቶ ገዝቶ አመጣልን። እያንዳንዱ ቺፕ በውስጡ ሁለት ማጉያ አለው፤ ባንድነት 4 ይሆናሉ።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ማጉያ ድምፁን ይቀበላል። ከእርሱ ቀጥሎ 47 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አለ፤ ከሬዚስተሩ ወዲያ ፎቶሬዚስተሩ ወደ ምድር መስመር ተያይዟል። በጨለማ የፎቶሬዚስተሩ ተቃውሞ 1 ሚሊዮን ኦም ያህል ስለሆነ ድምፁ ሳይጎድል ያልፋል። ብርሃን አርፎበት ወደ 47 ኪሎ ኦም ሲወርድ ግን ድምፁ በግማሽ ይቀንሳል፤ ወደ 4.7 ኪሎ ኦም ሲወርድ ከ11 እጅ አንዱ ብቻ ይቀራል። ሁለተኛው ማጉያ የቀረውን ከፍ አድርጎ ወደ ውጭ ይሰድደዋል። የጎን መስመሩ ከዚሁ መውጫ ላይ ይነሣል። ሦስተኛው ማጉያ ያጎላዋል፤ ዳዮዱ አንዱን ወገን ብቻ ያሳልፋል፤ በ1 ኪሎ ኦም በኩል 10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ይሞላል፤ ካፓሲተሩም በ47 ኪሎ ኦም በኩል ቀስ ብሎ ይፈስሳል። አራተኛው ማጉያ የካፓሲተሩን ቮልቴጅ አይቶ ቀይ ኤል.ኢ.ዲ. ያበራል። ቀዩ ኤል.ኢ.ዲ. 1.8 ቮልት ያህል ካላገኘ አይበራም፤ ደፋችን እርሱ ነው።

የካፓሲተሩና የሬዚስተሩ ብዜት ጊዜን ይሰጣል። 1 ኪሎ ኦም በ10 ማይክሮ ፋራድ ሲባዛ 10 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ይህ የመያዣ ጊዜ ይባላል። 47 ኪሎ ኦም በ10 ማይክሮ ፋራድ 470 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ይህም የመልቀቂያ ጊዜ ነው። ፈጥኖ ይይዛል፤ ቀስ ብሎ ይለቃል። ኀይሉንም ከሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች ያገኛል፤ ስለዚህ መብራት ቢጠፋም እርሱ አይጠፋም።

ይህን ሁሉ ስነግራችሁ ሥራው እንደ ንግግሬ ቀጥ ብሎ የሄደ አይምሰላችሁ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው በእኛ ላይ ደርሷል። የደረሰብንን ሁሉ በደብተር ስለ ጻፍነው አራቱን ልንገራችሁ፤ ከእኛ በኋላ ለሚሠሩ ታናናሾቻችን ከተሳካው ይልቅ ያልተሳካው ይጠቅማልና።

አንደኛው፣ ከስፒከሩ የማያቋርጥ የንብ ዐይነት ድምፅ ይሰማ ነበር። በመጀመሪያ ኀይሉን ከግድግዳው መሰኪያ በአሮጌ ቻርጀር በኩል ነበር የምንወስደው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በቻርጀሩ ውስጥ በሚገባ ያልተጣራው ትርፉ ይጮኻል። ወደ ባትሪ ስንዞር አብዛኛው ጠፋ። የቀረው ደግሞ የምድር መስመሮቹን ሁሉ በአንድ ነጥብ ላይ አሰባስበን ከቆርቆሮው ሣጥን ጋራ ስናገናኛቸው ጠፋ።

ሁለተኛው፣ አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ የሳለ ሰው ካለ ድምፁ ሁሉ ወርዶ እንደ ወረደ ይቀር ነበር። በቴስተር ብንለካው ማንም ሳይናገር በአራተኛው ማጉያ መውጫ ላይ 4 ቮልት አገኘን። ካፓሲተሩ ሞልቶ የሚፈስበት መንገድ አጥቷል ማለት ነው። የ47 ኪሎ ኦሙን ሬዚስተር እግር በጥፍሬ ነካ ባደርገው ተነቃነቀ። ብየዳው ከላይ ሲያዩት የተያያዘ ይመስላል፤ ከሥር ግን አልያዘም። መበየጃውን ብረት አግለን እንደ ገና ብንበይደው ዳነ።

ሦስተኛው፣ የእያንዳንዱ ቃል መነሻ እየፈነዳ ይወጣ ነበር። «ተማሪዎች» ሲባል «ተ» ብቻዋን እንደ ጥይት ትሰማለች። ምክንያቱ ከጓደኞቻችን አንዱ ማታ በኩራዝ ብርሃን ሲሠራ ቀዩን መስመርና ብርቱካኑን መስመር ማደናገሩ ነበር። ቡኒ፣ ጥቁር፣ ቀይ 1 ኪሎ ኦም ነው፤ ቡኒ፣ ጥቁር፣ ብርቱካን ግን 10 ኪሎ ኦም። የመያዣው ጊዜ 10 እጥፍ ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማናቸውንም ሬዚስተር በቴስተር ሳንለካ አንበይድም።

አራተኛው ያስቃል። ማታ በክፍል ውስጥ በደንብ የሠራው መሣሪያ፣ በእኩለ ቀን ሜዳ ላይ ስናወጣው ድምፁ ጨርሶ ጠፋ። ወደ ክፍል ስንመልሰው ይናገራል፤ ሜዳ ስናወጣው ዝም ይላል። «ይህስ ቡዳ በልቶት ነው» ያለም አልታጣ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ሣጥኑን ለማየት ጐንበስ ስትል ድምፁ ብቅ አለ፤ ቀና ስትል ጠፋ። ጥላዋ ነበር። ሣጥኑን ያለ ክዳኑ ስላወጣነው የመርሳ ፀሐይ በፎቶሬዚስተሩ ላይ አርፎ ተቃውሞውን ከ500 ኦም በታች አውርዶታል፤ ድምፁም ወደ መቶኛ እጅ ወርዷል። መሣሪያው ፀሐይን እንደ ታላቅ ጩኸት ቈጥሮ ሊያምቃት ሞክሯል ማለት ነው። ኤል.ኢ.ዲውንና ፎቶሬዚስተሩን ፊት ለፊት በእስክሪብቶ ክዳን ውስጥ ጨምረን በጥቁር ናስትሮ ጠቀለልናቸው። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ አላወከንም።

እነዚህን አራቱን ካስወገድን በኋላ መሣሪያው ያለቀ መሰለን። ኮርተንም ነበር። አምና በወላጆች ቀን፣ በዚሁ ሜዳ ላይ፣ በብዙ ሰው ፊት አቆምነው።

የዚያን ቀን አንዲት ጓደኛችን ራሷ የጻፈችውን ግጥም በዜማ ልታቀርብ ተነሣች። ዜማው በአምባሰል ቅኝት ነበር፤ ስሙን ከጎረቤታችን ከአምባሰል ያገኘ፣ በወሎ የተወለደ ሰው ሁሉ በልቡ የሚያውቀው ቅኝት ነው። ሁለት ልጃገረዶች ከበሮ ይመቱላታል። አባቷ ከደጋው በእግራቸው ወርደው፣ ስለ ዘገዩ ከኋላው ረድፍ ተቀምጠዋል። እርሷ ጀመረች፤ ከበሮውም ጀመረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ከበሮው በተመታ ቍጥር ድምፅዋ ወደ ታች ይሰጥማል፤ ከበሮው ሲያርፍ ብቅ ይላል፤ ገና ሳይቃና ሁለተኛው ምት ይመጣና ይሰጥማል። ከግጥሙ የተሰማው የቃል ቍርጥራጭ ብቻ ነበር።

ሲያበቃ አባቷ ግንባሯን ስመው፣ «ልጄ፣ ከበሮውን ሰማሁት፤ አንቺን ግን አልሰማሁሽም» አሏት። እርሷም ወደ እኛ ቀና ብላ አየች። አልተናገረችም።

ጓደኞቼ፣ ያን ቀን ከበሮው ምንም አላጠፋም። ከበሮ ከበሮነቱን ነው የሠራው። ድምፅዋን የበላው እኛ በእጃችን የሠራነው መሣሪያ ነው። ባናቆመው ኖሮ ይሻል ነበር።

ወደ ክበባችን ስንመለስ ከእኛ መካከል «መሣሪያው ተበላሽቷል» ያለ ነበር፤ «ይጣል» ያለም ነበር። በቅደም ተከተል እንመርምረው አልን። ከባትሪው ጀመርን፤ ሁለቱም ወገን 9 ቮልት ሙሉ ነው። የጎን መስመሩን አለያይተን ዋናውን ቦይ ብቻ አሰማነው፤ ድምፁ ጥሩ ነው። የመያዣውንና የመልቀቂያውን ጊዜ ለካን፤ ልክ ነው። ብየዳውን አንድ ባንድ አየን፤ የላላ የለም። እንግዲህ መሣሪያው አልተበላሸም ነበር። የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። ስሕተቱ በትእዛዙ ላይ ነው።

ይህን የተረዳነው በእጅ ስልክ ላይ ያለ የድምፅ መመርመሪያ ፕሮግራም ስንከፍት ነው። ከበሮ እንደምታውቁት ሁለት ፊት አለው። የትልቁ ፊት ድምፅ ጎርናና ነው፤ የትንሹ ፊት ቀጠን ያለ ነው። የትልቁ ፊት ኀይል ከ120 ኸርዝ በታች ተከማችቶ አገኘነው፤ የልጅቷ ድምፅ ግን ከ200 ኸርዝ በላይ ነው። ኸርዝ ማለት በአንድ ሰከንድ ውስጥ አየሩ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። በቮልቴጅ ብንለካው ከሁለቱ የሚበልጠው የከበሮው ነው። የጎን መስመራችን ደግሞ ጉልበት እንጂ ነገር አይለይም። ከበሮውን ሲያይ መክፈቻውን ይዘጋል፤ በዚያው ቦይ የሚሄደው የልጅቷ ድምፅም አብሮ ይዘጋበታል።

የውኃ አባቱን አስታውሱ። በቦዩ ላይ ገለባ ተከምሮ ሲመጣ ከፍታውን ብቻ አይቶ «ጐርፍ መጣ» ብሎ መክፈቻውን ቢዘጋ፣ ከታች ያለው የሰው ማሳ ይደርቃል። እንዲህ ያለውን የውኃ አባት መሻር አይገባም፤ ምኑን ማየት እንዳለበት ማስተማር ነው የሚገባው።

መድኃኒቱ የሚገኘውም ከጎን መስመሩ ላይ ነው። በዋናው ቦይ ላይ ማጣሪያ ብናደርግ ከበሮውን ራሱን እናጠፋው ነበር፤ ያለ ከበሮ ደግሞ ዘፈኑ ምን ሊሆን ነው? በጎን መስመሩ ላይ ብናደርገው ግን ከበሮው ለሰው ጆሮ እንዳለ ይሰማል፤ የማዘዝ ሥልጣኑ ብቻ ይወሰድበታል። ማጣሪያውም ሁለት ዕቃ ብቻ ነው፤ በመንገዱ ላይ የሚቀመጥ ካፓሲተርና ከእርሱ ወዲያ ወደ ምድር የሚወርድ ሬዚስተር። ካፓሲተር ዝቅተኛውን ድምፅ ይከለክላል፤ ከፍተኛውን ያሳልፋል። 100 ናኖ ፋራድና 10 ኪሎ ኦም ብናገናኝ የመለያው ወሰን 159 ኸርዝ ይሆናል። ይህንም 1ን ለ6.28፣ ለሬዚስተሩና ለካፓሲተሩ ብዜት በማካፈል ማንም ተማሪ ሊያገኘው ይችላል።

ለመፈተን የፎቶሬዚስተሩን እግር ፈትተን፣ ከስልክ ሁለት ልካቸው እኩል የሆነ ድምፅ ሰደድን፤ አንዱ 80 ኸርዝ፣ ሁለተኛው 1000 ኸርዝ። ማጣሪያ ሳይኖር ሁለቱም በካፓሲተሩ ላይ 3.2 ቮልት ይሰጡ ነበር። አንድ ማጣሪያ ስናገባ 80 ኸርዙ ወደ 1.1 ቮልት ወረደ። ነገር ግን እውነተኛውን ከበሮ ጠንከር አድርገን ስንመታ ኤል.ኢ.ዲው አሁንም ብልጭ ይል ነበር። ስለዚህ ሁለተኛ ማጣሪያ ከአንደኛው ቀጥሎ ጨመርን። የዚህ ካፓሲተር 10 ናኖ ፋራድ፣ ሬዚስተሩም 100 ኪሎ ኦም ነው። ወሰኑ ያው 159 ኸርዝ ሲሆን፣ ሬዚስተሩ 10 እጥፍ ስለሆነ በፊተኛው ማጣሪያ ላይ ሸክም አይሆንበትም። አሁን 80 ኸርዙ 0.2 ቮልት ብቻ ሰጠ፤ 1000 ኸርዙ ግን 3.1 ቮልት። በ0.2 ቮልት ኤል.ኢ.ዲ. አይበራም። ከበሮው ቢመታ መሣሪያው አይደነግጥም፤ ሰው ሲናገር ግን ይሰማል።

ይህን ሁሉ ስናገር መሣሪያችን ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። የከበሮው ትንሽ ፊት በጥፊ ሲመታ ከ159 ኸርዝ በላይ ስለሆነ አሁንም የጎን መስመሩን ይነካል። ለዚህ ያገኘነው መድኃኒት ከበሮ መቺዎቹን ከማይክሮፎኑ 2 ሜትር ያህል ማራቅ ነው፤ ሽቦ ለሁሉ ነገር መልስ አይሆንም። እንደዚሁም ኮምፕሬሰር ዝቅ ያለውን ድምፅ ከፍ ስለሚያደርግ፣ ማይክሮፎኑ ከስፒከሩ ፊት ከተቀመጠ የታወቀው ፉጨት ይብሳል እንጂ አይሻልም። ስለዚህ ስፒከሮቹን ከተናጋሪው ፊት ለፊት አርቀን አቁመናል።

ለታናናሾቼ ሦስት ምክር አለኝ። በመጀመሪያ፣ በባትሪ ብቻ ጀምሩ። የግድግዳ ኤሌክትሪክ ያለበትን አምፕሊፋየር አትክፈቱ፤ ከመሰኪያው ቢነቀልም እንኳ በትልልቅ ካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረው ኀይል ሰው ይጎዳል። ሁለተኛ፣ ስሕተት ስትፈልጉ በግምት ዕቃ አትቀያይሩ፤ ከኀይሉ ጀምራችሁ ወደ ዋናው መስመር፣ ከዚያም ወደ ጎን መስመሩ እየለካችሁ ሂዱ፤ የለካችሁትንም ጻፉ። ሦስተኛውን ምክር የተማርነው አምና ነው። ሁሉ ነገር በትክክል ሲሠራ ውጤቱ ግን ክፉ ከሆነ፣ መሣሪያው ምን እየሰማ እንደሚያዝዝ ጠይቁ።

ይህ ምክር ለሽቦ ብቻ የሚሆን አይመስለኝም። በክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የሚጮኸውን ብቻ የምንሰማ ከሆነ፣ በጓደኞች ስብሰባም ድምፀ ጐርናናው ሲናገር ሌላው ሁሉ ዝም የሚል ከሆነ፣ እኛም ማጣሪያ የሌለው የጎን መስመር ይዘን እንሄዳለን ማለት ነው። ጎበዙን ተናጋሪ ዝም ማሰኘት አያስፈልግም፤ ከበሮው ዛሬም ይመታልና። ብቻ እርሱ በተናገረ ቍጥር የሌላው ቃል እንዳይሰጥም እንጠንቀቅ።

ክቡራንና ክቡራት፣ ንግግሬን ልፈጽም ነው። ዕቃ የሰጡንን፣ የቤተ ሙከራውን ቍልፍ እስከ ምሽት የተዉልንን መምህራኖቻችንንና ባትሪ የገዙልንን ወላጆች በክበባችን ስም አመሰግናለሁ።

ከእኔ ቀጥላ ያች ጓደኛችን ያንኑ ግጥም ይዛ ወደ ማይክሮፎኑ ትመጣለች። ከበሮውም አለ። አባቷ ዛሬም ወርደዋል፤ ከፊት እንዲቀመጡ ብንለምናቸው፣ «አይሆንም፤ አምና በተቀመጥሁበት ነው የምቀመጥ» ብለው ከኋላው ረድፍ ተቀምጠዋል። ደግ አደረጉ፤ የመሣሪያችን ፈታኝ እርሳቸው ናቸው።

አባባ፣ ቃሏ ካልተሰማዎት እባክዎ እጅዎን ያንሡ። እኛም በደብተራችን አምስተኛ ስሕተት ብለን ጽፈን እንደ ገና እንፈልገዋለን።